ኢንሹራንስ የከፈለውን መልሶ የሚጠይቀው እስከ መቼ ነው?

በማኅበራችን የአባላትና የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ፣ በወረቀት ጉዳይ ረዳት ቡድን ስም የቀረበ ንግግር



የቡድናችን ተራ ሲደርስ ሁልጊዜ ስለ ወረቀት እንደምናወራ ታውቃላችሁ። ዛሬም ከዚያ አንወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛችን ላይ ከሚዘረጉት ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ዓይነት ግን ከሌሎቹ ይልቅ ሰው ያስደነግጣል፤ አስደንግጦም ሳይጠይቅ እንዲከፍል ያደርገዋል። «የዛሬ ዓመት የታከማችሁበትን ሂሳብ ኢንሹራንሱ ከፍሎት ነበር፤ አሁን ግን መልሶ ወስዶታልና እናንተ ክፈሉ» የሚለው ነው።

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህታችን የደረሰባትን እንንገራችሁ፤ ስምም ቦታም አንጠራም። ልጇን አሳከመች፣ ኮፔይዋን እዚያው ከፈለች፣ የቀረውን ኢንሹራንሱ ከፈለ። የክፍያ መግለጫውም በፖስታ ደረሳት። ነገሩ አለቀ ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከ14 ወር በኋላ ከክሊኒኩ የ1,860 ዶላር ቢል መጣ። ክሊኒኩ ስትደውል «ኢንሹራንሱ ገንዘቡን ወስዶብናል፤ ምክንያቱን እነሱን ጠይቂ» አሏት። ኢንሹራንሱ ጋ ስትደውል «እኛ ያለን ጉዳይ ከክሊኒኩ ጋር ነው» አሏት። እሷም አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ የምትንከባከብ ሠራተኛ ናት፤ በሥራ ሰዓት ስልክ ይዛ 40 ደቂቃ ሙዚቃ የምታዳምጥበት ጊዜ የላትም። በየወሩ 100 ዶላር ልትከፍል ተስማምታ ልትፈርም ስትል ነው ጎረቤቷ እጇን ይዛ ወደ ጠረጴዛችን ያመጣቻት።

መጨረሻውን አስቀድመን እንናገር። ያን ገንዘብ አልከፈለችም። ያዳናት የእኛ ብልሃት ሳይሆን የሜሪላንድ የኢንሹራንስ ሕግ ነው። ኢንሹራንሱ ገንዘቡን መልሶ የመውሰጃ ጊዜው አልፎበት ነበር። ክሊኒኩ ይህንኑ ጠቅሶ በጽሑፍ ሲጠይቅ ገንዘቡ ተመለሰለት፤ የእሷም ቢል ተሰረዘ። እኛ ያደረግነው ከመሳቢያዋ የወጣውን የክፍያ መግለጫ ላይ ቀኑን ፈልጎ ማግኘት፣ ለክሊኒኩም አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው።

ይርጋ የሚለውን ቃል አገር ቤት ፍርድ ቤት የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ለሚነሳ ክስ በመደበኛነት 10 ዓመት ይርጋ አስቀምጧል። መብት ያለው ሰው በጊዜው ካልጠየቀ፣ ሌላው ሰው ዕድሜ ልኩን ሲሳቀቅ አይኖርም ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ብዙ ግዛቶች የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ላይ ከዚያ በጣም ያጠረ የጊዜ ገደብ ጥለውባቸዋል። እድር ለቀብር ያወጣውን ገንዘብ ዓመት ቆይቶ «ስናሰላ ተሳስተን ነበርና መልሺ» ቢል ማን እድርተኛ ሆኖ ይቀራል? ኢንሹራንስ ግን ይላል፤ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስም እንዲል ተፈቅዶለታል። ቁም ነገሩ ያን ቀን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ግን ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ እንይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ ቼክ ላኩልኝ ብሎ አይጠብቅም። ለክሊኒኩ ከሚልከው ከሚቀጥለው ክፍያ ላይ ይቀንሳል። ዛሬ ለአምስት በሽተኞች ሊከፍል ከነበረው ላይ፣ የዛሬ ዓመት ለታከመች ለአንዲት በሽተኛ የከፈለውን ቆርጦ ያስቀራል። ከአባሎቻችን መካከል ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ክሊኒክ የምታስተዳድር አለች። የወሩ ክፍያ ጎድሎ ሲመጣ የማን ሂሳብ እንደተቆረጠ ለማወቅ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን እንደሚፈጅባት ነግራናለች። ትልቅ ሆስፒታል ለዚህ ብቻ የተቀጠሩ ሰዎች አሉት፤ እሷ ግን ያላት አንዲት ስልክ ተቀባይ ናት።

መልሶ ለመውሰድ ምክንያት ከሚሆኑት ውስጥ በእኛ ሰው ቤት ደጋግመን ያየነው፣ ሁለት ኢንሹራንስ ባለበት ቤት ቀድሞ መክፈል ያለበት የትኛው ነው የሚለው ክርክር ነው። ባልም ሚስትም በየሥራቸው ኢንሹራንስ ካላቸውና ልጆቹ በሁለቱም ላይ ከተመዘገቡ፣ በተለመደው ደንብ ቀድሞ የሚከፍለው በዓመቱ ውስጥ ልደቱ ቀድሞ የሚውለው ወላጅ ኢንሹራንስ ነው። ዓመተ ልደቱ አይታይም፤ ወሩና ቀኑ ብቻ። እንግዲህ የእኛን ጉድ አስቡት! መስከረም 5 የተወለደ ሰው አንዱ ወረቀት ላይ ሴፕቴምበር 15 ተብሎ፣ ሌላው ላይ መስከረም የመጀመሪያው ወር ነው ተብሎ ጃንዋሪ 5 ሆኖ ተጽፎ ይገኛል። ቀኑን የማያውቀው ደግሞ በጅምላ ጃንዋሪ 1 ነው። ሁለቱ ኢንሹራንሶች የተለያየ የልደት ቀን ይዘው አንዱ በሌላው ላይ ያላክካል። ይህን ስንናገር የምትስቁ አላችሁ፤ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ካርዳችሁንና የልጆቻችሁን ምዝገባ ተመልከቱ።

ሁለተኛው 65 ዓመት የሞላቸውን ይመለከታል። ሰው 65 ሞልቶት ሥራውን ቢቀጥል፣ አሠሪው 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ቀድሞ የሚከፍለው የሥራው ኢንሹራንስ ነው። አሠሪው ከ20 በታች ሠራተኛ ካለው ግን ቀድሞ የሚከፍለው ሜዲኬር ነው። ብዙ እናቶቻችን የሚሠሩት የት ነው? ዘጠኝ አሥር ሰው ባለበት ምግብ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናትና ሱቅ ውስጥ ነው። «የሥራ ኢንሹራንስ አለኝ» ብለው የሜዲኬርን ክፍል ቢ ሳይገቡበት ይቆያሉ። ኢንሹራንሱም ሳያስተውል ይከፍላል፣ አንድ ቀን ዕድሜያቸውን ያያል፣ ከዚያ መልሱ ይመጣል። ይህን ምክር በተለይ ያዙልን፤ 65 ሊሞላችሁ ሦስት ወር ሲቀር አሠሪያችሁን ስንት ሠራተኛ እንዳለው ጠይቁ።

ሥራ ሲለቀቅም አለ። አሠሪው መልቀቃችሁን ዘግይቶ ያስታውቃል፤ በመካከል የታከማችሁበት ተከፍሎ ይቆይና በኋላ ይነሳል። እዚህ ላይ ኮብራ የሚባለው መብት ይረዳል። ለመምረጥ ቢያንስ 60 ቀን አላችሁ፤ መርጣችሁ የወር ክፍያውን ከከፈላችሁ ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ይሠራል። ውድ ነው፣ እናውቃለን። የሦስት ሺህ ዶላር ቢል ከመጣ ግን ሂሳቡን አስልቶ ማየት ይሻላል።

አሁን ወደ ቀኖቹ። በሜሪላንድ ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ መልሶ መውሰድ የሚችለው በ6 ወር ውስጥ ነው። ምክንያቱ ሌላ ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር ወይም የሜሪላንድ ሜዲኬይድ መክፈል ነበረበት የሚል ከሆነ ጊዜው 18 ወር ይሆናል። ምክንያቱንም በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ሌላ ከፋይ አለ የሚል ከሆነ፣ ዕዳው የእኔ ነው ብሎ ያመነውን ከፋይ ስምና አድራሻ ጭምር መስጠት ግዴታው ነው። እነዚህን ሳያሟላ መውሰድ አይችልም። ለክሊኒኩም ሂሳቡን ለትክክለኛው ከፋይ የሚልክበት 6 ወር ይሰጠዋል። የዋሽንግተን ዲሲ ሕግም በእነዚህ 6 እና 18 ወሮች ላይ የቆመ ነው። ቨርጂኒያ ትለያለች፤ እዚያ ገደቡ 12 ወር ነው፤ ኢንሹራንሱ ሐኪሙን «ሂሳብህን በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ላክ» የሚልበት ጊዜ ከ12 ወር ካጠረ ግን ያ ያጠረው ገደብ በኢንሹራንሱም ላይ ይሠራል። ሚዛናዊነቱን እንወደዋለን፤ ሐኪሙን የምታጣድፈውን ያህል አንተም ተጣደፍ እንደማለት ነው።

ዳላስ ወይም ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ በቴክሳስ ሐኪሙ ክፍያውን ከተቀበለ እስከ 180ኛው ቀን፣ በካሊፎርኒያ ከተከፈለበት 365 ቀን፣ በኒውዮርክ 24 ወር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኢንሹራንሱ የከፈለው ማርች 10 ቀን 2024 ነው እንበል። ገንዘቡን መልሶ የጠየቀው ጁን 2025 ላይ ነው። በሜሪላንድ ተራ ምክንያት ከሆነ ጊዜው ሴፕቴምበር 2024 ላይ አልቋል፤ የሁለት ኢንሹራንስ ጉዳይ ከሆነ ግን እስከ ሴፕቴምበር 2025 አለው። በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ አልፎበታል። በኒውዮርክ ገና እስከ ማርች 2026 ድረስ ይችላል። ያው ወረቀት፣ ያው ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ለእከሊት ተሰርዞላታል» ተብሎ በሰማችሁት ብቻ አትተማመኑ፤ ምናልባት እከሊት ያለችው ከወንዙ ማዶ ሊሆን ይችላል።

ኢንሹራንሶቹም የሚሉት አላቸው፤ ያለአግባብ የተከፈለ ገንዘብ ካልተመለሰ የሁላችንም የወር ክፍያ ይጨምራል ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ግን ጊዜ ሲረዝም የሚጎዳው ማን እንደሆነ እንይ። ሁለተኛው ኢንሹራንስም ሂሳብ የሚቀበልበት የራሱ ገደብ አለው፤ ለምሳሌ በሜሪላንድ ኢንሹራንሶች ለሐኪሞች ቢያንስ 180 ቀን መስጠት አለባቸው፤ ከዚያ በላይ ግን ግዴታ የለባቸውም። የመጀመሪያው ከሁለት ዓመት በኋላ «የእኔ አልነበረም» ቢል፣ ሁለተኛው «ረፍዷል» ሊል ይችላል። ሁለቱም ላይ የወር ክፍያ እየተከፈለ፣ ቢሉ ግን እናትየው እጅ ላይ ይወድቃል። በእኛ ፍርድ የሕጉ ዋና ፋይዳ ይህን ማስቀረቱ ነው።

ገደቡ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ማጭበርበር ካለ በየትኛውም ግዛት ከለላ የለም። በሜሪላንድ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ሂሳብና የተሳሳተ የሕክምና ኮድ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ አስቀድሞ ተከፍሎ የነበረ ሂሳብና ጭራሽ ያልተሰጠ አገልግሎት ከገደቡ ውጭ ናቸው። ክሊኒክ ያላችሁ እህቶች፣ «ኮዱ ተሳስቷል» የሚለው ቃል ደብዳቤ ላይ ሲመጣ እንደ ቀልድ አትለፉት። የትኛው ኮድ፣ በየትኛው መመሪያ መሠረት እንደተሳሳተ በጽሑፍ አስመልሱ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። ካርዳችሁ ላይ የታወቀ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ስላለ ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ይመስላችኋል። ትልልቅ አሠሪዎች ግን የሕክምናውን ወጪ ከራሳቸው ካዝና ይከፍላሉ፤ ኩባንያው ወረቀቱን ብቻ ይሠራላቸዋል። በዚህች አገር በሥራቸው በኩል ኢንሹራንስ ካላቸው ሠራተኞች ከመቶ ከ60 የሚበልጡት በእንዲህ ያለ ፕላን ውስጥ ናቸው። እነዚህ ፕላኖች የሚተዳደሩት በ1974 በወጣው ኤሪሳ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ስለሆነ፣ ከላይ የጠራናቸው የግዛት ገደቦች በአብዛኛው አይደርሱባቸውም። ሆቴል፣ ኤርፖርትና ትልልቅ ሆስፒታል የምትሠሩ እህቶች ብዙዎቻችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም ፕላናቸው የሚመራው በፌዴራል ሕግ ነው።

ታዲያ ባዶ እጃችሁን ናችሁ ማለት አይደለም። የሥራ ቦታችሁን የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል «ፕላናችን ወጪውን የሚከፍለው አሠሪው ነው ወይስ ኢንሹራንስ የተገዛ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። አሠሪው ከሆነ የፕላኑን ሰነድ በጽሑፍ ጠይቁ። በኤሪሳ መሠረት የፕላኑ አስተዳዳሪ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥ ፍርድ ቤት በቀን እስከ 110 ዶላር ሊቀጣው ይችላል። መልሶ የመውሰጃ ጊዜ ካለ የሚገኘው ሰነዱ ውስጥ ወይም ክሊኒኩ በፈረመው ውል ውስጥ ነው። ክፍያው የተከለከለበት ማስታወቂያ ከደረሳችሁ ደግሞ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ።

ስለ ሜዲኬር አጠር አድርገን እንለፍ። ሜዲኬር አንድ የከፈለውን ሂሳብ በማንኛውም ምክንያት እንደገና ማየት የሚችለው በ1 ዓመት ውስጥ ነው፤ በቂ ምክንያት ካለው እስከ 4 ዓመት፤ ማጭበርበር ካለ ገደብ የለውም። ለሐኪም ቤት የመመለሻ ደብዳቤ ከጻፈ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ያለ ሐኪም ቤት ይግባኙ እስኪታይ ገንዘቡ አይቆረጥበትም። ይግባኙ ራሱ እስከ 120 ቀን ይቀበላሉ፤ ግን ከ30 ቀን በኋላ የደረሰ ይግባኝ መቁረጡን የሚያቆመው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ አስቀድሞ የተቆረጠው ላይመለስ ይችላል። ክሊኒክ ያላችሁ ይህችን ልዩነት ግድግዳ ላይ ለጥፏት።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኢንሹራንሱ አንድን ሂሳብ ሳይሆን ሽፋኑን በሙሉ ወደ ኋላ ሄዶ ልሰርዝ ይላል። ከሴፕቴምበር 2010 በኋላ በፌዴራል ሕግ ይህ የሚፈቀደው ማጭበርበር ወይም ሆን ተብሎ የተነገረ ትልቅ ሐሰት ካለ ብቻ ነው፤ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያም ግዴታ ነው። የወር ክፍያን አለመክፈል ግን ሌላ ነገር ነው። በገበያው፣ ማለትም በኦባማ ኬር፣ የመንግሥት ድጎማ እያገኛችሁ የገዛችሁ ክፍያ ሲያልፍባችሁ 3 ወር ይታገሳችኋል፤ ኢንሹራንሱ በእርግጠኝነት የሚከፍለው ግን የመጀመሪያውን ወር ሕክምና ብቻ ነው። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ወር ይዞ ያቆየዋል፤ ካልከፈላችሁም ቢሉ ወደ እናንተ ይመጣል። እዚህ ላይ የጊዜ ገደቡ አያድናችሁም።

እንግዲህ ቢሉ እጃችሁ ላይ ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? ሳታዩት አትክፈሉ፤ የክፍያ ውልም አትፈርሙ። ዝም ብላችሁም አትተዉት፤ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይሄዳል። ክሊኒኩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የከፈለው በየትኛው ቀን ነው? መልሶ የወሰደው በየትኛው ቀን ነው? ምክንያት ብሎ የጻፈው ምንድን ነው? ደብዳቤውን ቅዱልኝ በሏቸው። ክሊኒኩ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ካለው፣ ከእናንተ ድርሻ በላይ ለተሸፈነ ሕክምና እንዳያስከፍላችሁ ውሉ ብዙውን ጊዜ ይከለክለዋል። በሜሪላንድ ኤችኤምኦ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሕጉ ራሱ ይከለክለዋል። ጊዜው አልፎ ከሆነ ተከራካሪው ክሊኒኩ ነው፤ እናንተ የምታደርጉት እንዲከራከር መግፋት ነው። ብዙ ክሊኒኮች ሕጉን ሳያውቁት ሳይሆን፣ ከኢንሹራንስ ጋር ከመጨቃጨቅ በሽተኛዋን ማስከፈል ስለሚቀላቸው ነው የሚተዉት።

አቤቱታ የሚቀርብባቸው ቦታዎች ነጻ ናቸው፤ ጠበቃም አያስፈልግም። በሜሪላንድ የግዛቱ የኢንሹራንስ አስተዳደር መሥሪያ ቤት አለ፤ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር ደግሞ በሕክምና ቢል ሰዎችን የሚረዳ ክፍል አለ። በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮው ያለው በግዛቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ነው። አሠሪው ራሱ ለሚከፍልበት ፕላን ደግሞ የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ።

ደጋፊዎቻችን ገንዘባችሁ የት ይሄዳል ስትሉ፣ በዚህ ሥራ ላይ የሚሄደው ለቴምብር፣ ለፎቶ ኮፒና ለተመዘገበ ደብዳቤ ነው። የተመዘገበ ደብዳቤ የምንልክበት ምክንያት ማን መቼ እንደተቀበለ የሚያሳይ ወረቀት ስለሚመለስልን ነው።

ለአባሎቻችን አንድ ነገር ቀርቶናል። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል የተጻፈበት የኢንሹራንስ ወረቀት ሲመጣ፣ ቢል ካልሆነ ምን ያደርግልኛል ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። የተከፈለበት ቀን የሚገኘው እሱ ላይ ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት በአንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት። ወደ ጠረጴዛችን ስትመጡም ያንን፣ ቢሉን ከነፖስታው፣ የኢንሹራንስ ካርዳችሁን የፊቱንም የጀርባውንም፣ ሁለት ኢንሹራንስ ካለ የባለቤታችሁንም ካርድ ይዛችሁ ኑ። ፖስታውን አትቅደዱት፤ ማኅተሙ ላይ ቀን አለ።